ዕጣ ሁሉ ቁማር አይደለም፤ ይህ ሣጥን ግን ነው

ከላሊበላ ዐሥራ አንድ ፍልፍል አብያተ ክርስቲያናት አንዱ ቤተ ጎልጎታ ነው። ስሙን ያገኘው ጌታ ከተሰቀለበት ኮረብታ ነው። በዚያ ኮረብታ ላይ፣ ከመስቀሉ ሥር፣ ወታደሮች ስፌት በሌለው ቀሚስ ላይ ዕጣ ተጣጣሉ። ከዕርገት በኋላ ደግሞ ሐዋርያት በይሁዳ እግር የሚተካውን ሰው ለመለየት ዕጣ ጣሉ፤ ዕጣውም ለማትያስ ወጣ። የሁለቱም መሣሪያ አንድ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ግን የመጀመሪያውን በሰሙነ ሕማማት እያዘነች ታነበዋለች፣ ሁለተኛውን የሐዋርያ ሹመት ብላ ታከብረዋለች። ነውሩ በዕጣው ውስጥ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ነውር በሆኑ ነበር። ስለዚህ ልዩነቱን ሌላ ቦታ መፈለግ አለብን። በስልክና በኮምፒውተር ጨዋታዎች ውስጥ በገንዘብ የሚከፈቱት፣ ውስጣቸው የማይታወቅና ከውስጣቸው የወጣውም ተመልሶ የሚሸጥ ሣጥኖች ቁማር ናቸው ወይስ አይደሉም የሚለው ክርክር መልስ የሚያገኘው ይህ ልዩነት ሲገኝ ነው ብዬ አምናለሁ። የእኔ መልስ ቁማር ናቸው የሚል ነው፤ ምክንያቴንም እነሆ።

ነገሩን በቅርብ ለማያውቅ አንባቢ አሠራሩን ላስረዳ። ቫልቭ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2013 ካውንተር ስትራይክ በተባለው የተኩስ ጨዋታው ውስጥ ኬዝ የሚባሉ የተቆለፉ ሣጥኖችን አስገባ። የሣጥኑ ቁልፍ 2 ዶላር ከ49 ሳንቲም ይሸጣል። ገዢው ሲከፍተው የመሣሪያ ሥዕሎች በተርታ ይሽከረከራሉ፤ ፍጥነታቸው እየቀነሰ ይሄድና፣ አንዳንዴም ብርቅየውን ለጥቂት አልፎ፣ አንዱ ላይ ይቆማል። የሚገኘው ስኪን የሚባል የመሣሪያ ቀለምና ጌጥ ነው፤ ተጫዋቹን አያጠነክረውም፣ ጥይቱንም አያፈጥነውም። ቻይና ኩባንያዎች የዕድሉን መጠን ይፋ እንዲያደርጉ በማስገደዷ እ.ኤ.አ. በ2017 ቁጥሩ ታወቀ። ከመቶ 79.92 የሚሆነው ዝቅተኛው ደረጃ ነው፤ ቀጥሎ 15.98፣ ከዚያ 3.2፣ ከዚያ 0.64፤ ሁሉም የሚመኘው ቢላዋና መሰል ብርቅ ዕቃ የሚወጣው ግን ከመቶ 0.26 ብቻ ነው። የወጣውን ዕቃ ኩባንያው ራሱ በከፈተው ስቲም በተባለ ገበያ መሸጥ ይቻላል፤ ከእያንዳንዱ የካውንተር ስትራይክ ዕቃ ሽያጭ ላይም 15 ከመቶ ያህል ይቆረጣል። ከዚያ ገበያ ውጭ ደግሞ ስኪን በጥሬ ገንዘብ የሚለወጥባቸው የሌሎች ድርጅቶች ድረ ገጾች አሉ።

ዕጣ ላሊበላ ለምትገኝበት ለወሎው ላስታ ሰው እንግዳ አይደለም። ርስት በወንድማማቾች መካከል ሲከፈል ለሙ ከለም፣ ጭንጫው ከጭንጫ ተመዛዝኖ እኩል ከተመደበ በኋላ የትኛው የማን እንደሚሆን ዕጣ ይለየው ነበር። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ከሆነ በኋላም በየገበሬ ማኅበሩ መሬት ሲደለደል በብዙ ቦታ አድልዎን የከለከለው ዕጣ ነው። ዕቁብም እንዲሁ ነው። ሁሉም እኩል ይጥላል፣ ሁሉም በተራው እኩል ይወስዳል፤ ዕጣው የሚወስነው ማን እንደሚቀድም እንጂ ማን እንደሚከስር አይደለም። እንዲያውም በዕቁብ ዕጣ የደረሰው ሰው ገንዘቡ ለቸኮለበት ጓደኛው ተራውን በጥቂት ብር ይሸጥለታል፤ ማለትም ዕጣው ይሸጣል ይለወጣል፤ ቁማር ብሎ የሚከሰው ግን የለም። በአዲስ አበባ የኮንዶሚኒየም ቤት በዕጣ ሲታደል ያልደረሰው ቆጣቢ ያዝናል፣ ቁጠባው ግን ባንክ ውስጥ እንዳለ ነው። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ ዕድል አለ፣ ጉጉት አለ፣ በአንዳንዶቹም ሽያጭ አለ። የሌለው አንድ ነገር ነው፦ ዕጣው ሳይወጣለት ቀርቶ ያስቀመጠውን የተነጠቀ ሰው። ስለዚህ አንድን ዕጣ ከቁማር ለመለየት የምጠይቀው ጥያቄ፣ ዕጣው ያልወጣለት ሰው ምን አጣ፣ የወጣለትስ ያገኘው ከማን ኪስ ነው የሚል ነው።

ይህን ጥያቄ ለሣጥኑ እናቅርብለት። ሻጮቹ መጀመሪያ የሚሰጡት መልስ የተሸነፈ የለም የሚል ነው፤ ሣጥኑ ባዶ ሆኖ አያውቅምና፣ የከፈተ ሁሉ አንድ ነገር ይዞ ይወጣል። ይህ መልስ የሚሠራው ዕቃው መሸጥ የማይችል ቢሆን ነበር። ያን ጊዜ ዋጋው በተጫዋቹ ዓይን ነው፣ አንዱ የናቀውን ሌላው ይወደዋል ቢሉን መከራከሪያ አናገኝም ነበር። ዕቃው መሸጥ ከቻለ ግን ገበያው ራሱ ምስክር ሆኖ ይቆማል። ከዝቅተኛው ደረጃ ከሚወጡት ስኪኖች ብዙዎቹ ከቁልፉ ዋጋ እጅግ ባነሰ፣ በሳንቲሞች፣ ይሸጣሉ። ሁለት ዶላር ተኩል ከፍሎ የጥቂት ሳንቲም ዕቃ የወጣለት ሰው ምን ያህል እንዳጣ ኩባንያው በከፈተው ገበያ ላይ በቁጥር ተጽፎለታል። አሸናፊውም ቢሆን ያገኘው ከሰማይ የወረደ አይደለም። የተጠቀሰው መጠን እውነት ከሆነ አንድ ቢላዋ እስኪወጣ በአማካይ 385 ያህል ሣጥኖች ይከፈታሉ፤ ይህም በቁልፍ ዋጋ 960 ዶላር ገደማ ነው። ቢላዋውን ሠርቶ ለማብዛት ኩባንያውን የሚያስወጣው ነገር የለም፤ ውድ የሚሆነው ብርቅ ስለሆነ ብቻ ነው። ብርቅነቱን የገነቡት ደግሞ ከፍለው ያልደረሳቸው ሦስት መቶ ሰማንያ ምናምን ሰዎች ናቸው። ሽያጭ መፈቀዱ ነገሩን ወደ ንግድ ያቀርበዋል የሚሉ አሉ። እኔ በተቃራኒው፣ ሽያጩ ባይኖር ኖሮ ልንጠረጥረው ብቻ የምንችለውን ኪሳራ ያስቆጠረን ሽያጩ ነው እላለሁ።

በሕግ ዓለም ይህ ነጥብ ብዙ አከራክሯል። እ.ኤ.አ. በ2018 የኔዘርላንድስ የቁማር ተቆጣጣሪ ዐሥር ጨዋታዎችን መርምሮ በአራቱ ውስጥ ያሉት ሣጥኖች ሕጉን ይጥሳሉ አለ፤ መለያው ከሣጥኑ የወጣው ዕቃ ለሌላ መተላለፍ መቻሉ ነበር። ቤልጂየም በዚያው ዓመት ከዚህም አልፋ፣ ውርርድ፣ ጨዋታ፣ ዕድልና ማግኘት ወይም ማጣት እስካሉ ድረስ ዕቃው ባይሸጥም ቁማር ነው ብላ ወሰነች። ኔዘርላንድስ ፊፋ የተባለውን የእግር ኳስ ጨዋታ ያሳትም በነበረው በኤሌክትሮኒክ አርትስ ላይ የጣለችው የ10 ሚሊዮን ዩሮ ቅጣት ግን እ.ኤ.አ. በማርች 2022 በአገሪቱ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት ተሻረ። የፍርድ ቤቱ ምክንያት፣ የተጫዋቾች ካርድ ያለበት እሽግ ለብቻው የቆመ ጨዋታ አይደለም፣ በችሎታ የሚያሸንፉበት ትልቅ ጨዋታ ክፍል ነው የሚል ነበር። የችሎታው ክርክር መልስ ይገባዋል። ኳሱን ለመጫወት ችሎታ ያስፈልጋል፤ እሽጉን ለመክፈት ግን ጣት ብቻ ይበቃል። ካውንተር ስትራይክን ብንወስድ፣ ሰው አንድም ጥይት ሳይተኩስ ሣጥኑን ከገበያ ገዝቶ፣ ቁልፉን ገዝቶ፣ ከፍቶ፣ የወጣውን ሸጦ ሊሄድ ይችላል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ጨዋታው የት ነው ያለው? ፍርድ ቤቱ የፈረደው በአገሩ የፈቃድ ሕግ ላይ ነው፤ ሕጉ ያን ያህል ጠባብ ከሆነ ጠባብነቱ የሕጉ ነው፣ የሠሪውን ሕሊና አያነጻም። ገንዘቡ ከስቲም ወጥቶ ወደ ባንክ አይገባም የሚለው ሌላው መከላከያም ብዙ አያስኬድም። በዚያ ገንዘብ ሌላ ጨዋታና ሌላ ዕቃ ይገዛል፤ ዋጋ ያለው ነገር በብር ኖት መልክ ባይመጣም ዋጋ ነው፤ በጥሬው የሚመነዝሩት ድረ ገጾችም አሉ።

ለእኔ ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ከዚህ የተለየ ነው፤ የሚመጣውም ከላስታ ማሳ ነው። ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ግርጌ ገብስ የሚዘራ ገበሬ ዘሩን አፈር ላይ ሲበትን ምን እያደረገ ነው? በልጉ ይቀራል ወይም ይመጣል፤ ውርጭ ይመታዋል ወይም ያልፈዋል፤ በረዶ በአንድ ከሰዓት በኋላ የዓመት ልፋት ይወስዳል። ወሎ በ1965 እና በ1977 ዓ.ም. ምን እንደደረሰበት የሚያውቅ ሁሉ ገበሬው ያለውን አስይዞ እንደተበላ ያውቃል። ነጋዴውም እንዲሁ ነው፤ ዋጋ ይወርድበታል። ታዲያ ሕይወት ራሷ በዕድል ከተሞላች ሣጥኑን ብቻ ለይቶ መኮነን ምን ፍትሕ አለው? መልሴ በሁለት ነገር ላይ ይቆማል። አንደኛ፣ የገበሬው አደጋ ተፈጥሮ ያመጣው እንጂ ገበሬው እንዲኖር ብሎ የፈጠረው አይደለም። እርከን ይሠራል፣ ዘር ይመርጣል፣ ባቄላን ከገብስ ያፈራርቃል፣ ድርቆሽ ያስቀምጣል፤ ሥራው ሁሉ አደጋውን መቀነስ ነው። በሣጥኑ ግን ያለ አደጋው የሚቀር ዕቃ የለም፤ አደጋው ራሱ ሸቀጥ ሆኖ ይሸጣል፣ ገዢው በትጋቱ የሚቀንሰው ነገርም የለውም። ሁለተኛ፣ የአንዱ ገበሬ ማሳ ሲያፈራ የጎረቤቱ ማሳ በዚህ ምክንያት አይደርቅም። እህሉ በዓለም ላይ ያልነበረ፣ አሁን የተጨመረ ነው። የሣጥኑ ቢላዋ ግን በሌሎቹ ክስረት ልክ ብቻ ይከብራል። ገበሬውንና ቁማርተኛውን ሁለቱም አደጋ ላይ ናቸው ብሎ በአንድ መደብ ማስቀመጥ የገበሬውን ድካም አለማየት ነው፤ ይህን ክርክር በሰማሁ ቁጥር ቅር የሚለኝም ለዚህ ነው።

ወሎ የክርስቲያኑም የሙስሊሙም አገር ነውና ሌላውን ሚዛን ሳንጠይቅ ማለፍ ተገቢ አይሆንም። በቁርኣን ሱረቱል ማኢዳህ ቁማር ከአስካሪ መጠጥ ጋር ተዳብሎ ተከልክሏል፤ ምክንያቱም ተነግሯል፤ በሰዎች መካከል ጠብና ጥላቻን ያስገባል፣ ከሶላትና አላህን ከማስታወስም ያዘናጋል። ከዚህ ሌላ፣ ለጉዳያችን ይበልጥ የሚቀርብ አንድ ክልከላ በሐዲስ ውስጥ አለ። የጠጠር ሽያጭ የሚባለው ነው፤ ዑለማዎች ከፈቱባቸው መንገዶች አንዱ ገዢው ጠጠር ወርውሮ ያረፈበትን ልብስ በተባለው ዋጋ መውሰዱ ነው። ከዚሁ ጋር ምንነቱ ያልታወቀን ነገር መሸጥ ተከልክሏል። ያ ጠጠር በስክሪን ላይ ከሚሽከረከረው ሥዕል በምን ይለያል? ይህ ሚዛን ከእኔው ጥያቄ የጠበቀ ነው፤ ዕቃው ተመልሶ ባይሸጥም እንኳ የተሸፈነ ነገር መሸጡን ብቻ በቂ ጥፋት ያደርገዋል። እኔ የማይሸጥ ዕቃ የሚወጣበትን ሣጥን በሙሉ አፌ ቁማር ለማለት አልደፍርም፤ ቀና ንግድ ነውም አልልም። የሚሸጠውን በሚመለከት ግን ሁለቱ ሚዛኖች አንድ ቦታ ላይ ያርፋሉ። በምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት የሐዋርያት ቀኖና ተብለው ከሚጠበቁት ውስጥም 42ኛውና 43ኛው በዳይስ ጨዋታና በስካር የተያዘ ካህን ከሹመቱ፣ ምእመን ደግሞ ከኅብረት እንዲለይ ያዛሉ፤ ካልተወ ማለት ነው። በሁለቱም ሃይማኖት ቁማርና ስካር ጎን ለጎን የተቀመጡት በአጋጣሚ አይመስለኝም። ሁለቱም ሰው በራሱ ላይ ያለውን ሥልጣን ይወስዱበታል።

እዚህ ላይ አንባቢ፣ አገሩ ራሱ ሎተሪ ይሸጥ የለም ወይ ብሎ ቢጠይቀኝ ልክ ነው። ብሔራዊ ሎተሪ ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ ዕጣዎቹም እንቁጣጣሽ፣ ገና፣ ትንሣኤ የሚሉ ስሞችን ይዘዋል። የገና በዓል ከቅዱስ ላሊበላ ልደት ጋር ተደርቦ በሺዎች የሚቆጠሩ ምእመናን በእግራቸው ተጉዘው በሚያከብሩበት አገር የበዓሉ ስም በሎተሪ ቲኬት ላይ መታተሙ ያሳዝነኛል። በጥያቄዬ ሲመዘን ሎተሪም ቁማር ነው፤ መንግሥት ስለሸጠው አይለወጥም። ልዩነቱ ቲኬቱ ራሱን አለመደበቁ ነው፤ ሎተሪ ነኝ ብሎ ይሸጣል፣ ሽልማቱን ይናገራል፣ እስከሚወጣበት ቀንም ሰውን ያስጠብቃል። ሣጥኑ ጨዋታ ነኝ ብሎ ልጆች መካከል ይገባል፣ በየሰከንዱ ደግመህ ክፈት ይላል። ከሎተሪውም የበለጠ የሚያስጨንቀኝ ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ የሚሸጠው ቶምቦላ ነው። ለሕንፃው ብሎ የከፈለ ሰው ምጽዋት ሰጥቷል፤ ባይደርሰውም ያጣው ነገር የለም፣ ሊሰጥ የፈለገውን ሰጥቷልና። ለሽልማቱ መኪና ብሎ የከፈለ ግን ቁማር ተጫውቷል፤ ቲኬቱን የሸጠለት ማኅበርም ይህን ያውቃል። ሁለቱን ልቦች የሚለይ ቲኬት ማተም አይቻልም፤ ስለዚህ ቶምቦላው ቢቀርና ልመናው ቢበዛ እመርጣለሁ። ይህን ስል ልጆችን ከሣጥኑ እንዲርቁ የምንመክርበት አፍ እንዲኖረን ብዬም ነው።

ደግሞ ዕጣን የሚያወጣው እግዚአብሔር ከሆነ፣ በመጽሐፈ ምሳሌ ጕያ ላይ የተጣለው ዕጣ ፍርዱ ከእርሱ ነው ከተባለ፣ ያሸነፈ ሰው ስጦታውን ቢቀበል ምን ነውር አለው የሚሉ አሉ። የማትያስን ነገር በደንብ እንመልከት። ሐዋርያት መጀመሪያ በራሳቸው አእምሮ መርምረው ሁለት የተመሰከረላቸው ሰዎች አቀረቡ፤ ከዚያ ጸለዩ፤ ከዚያ ዕጣ ጣሉ። ዕጣው የወጣለት ሰውም ያገኘው ሀብት ሳይሆን አገልግሎትና መከራ ነው። ዕጣው የመጣው የሰው ማስተዋል ካበቃበት በኋላ ነው። በሣጥኑ ፊት ግን ሰው ሊቆርጠው ያልቻለ ነገር የለም፤ 0.26 የሚለውን ቁጥር ጽፎ ያስቀመጠው የኩባንያው ሠራተኛ ነው። ኩባንያው ሲፈልግም ደንቡን ይለውጣል። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2025 ቢላዋ የሚገኝበትን መንገድ የሚያሰፋ አንድ ደንብ ሲለውጥ፣ የካውንተር ስትራይክ ዕቃዎች ጠቅላላ የገበያ ዋጋ በአንድ ቀን ገደማ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ እንደወረደ ተዘግቧል። ይህን የመሰለ ነገር የእግዚአብሔር ፍርድ ነው ብሎ እጅ መዘርጋት ፈጣሪን የማያውቀውን ሒሳብ ማስፈረም ነው።

ጦርነት ባደቀቀው አገር፣ ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ በኖረበት ክልል፣ ይህ ጥያቄ ቅንጦት ነው የሚለኝ ሰው ይኖራል። ቅንጦት አይመስለኝም። የላሊበላ ወጣት ኑሮው ቱሪስት ላይ የተመሠረተ ነበር፤ በ2012 ዓ.ም. ኮሮና፣ በ2013 ጦርነቱ፣ ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ በክልሉ የቀጠለው ግጭት አስጎብኚውን፣ የበቅሎ ጫኙን፣ የሆቴል ሠራተኛውን ሥራ ፈት አደረጉት። ሥራ የፈታ እጅ፣ ስልክ፣ እንዲሁም ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ጥቂት ብርን በቅጽበት የሚያስተላልፍ ቴሌብር አንድ ላይ ሲገናኙ ቁማር ሊደርስበት የማይችል ቀበሌ የለም። የእግር ኳስ ቤቲንግ መንገዱን አሳይቷል። የስልክ ጨዋታ ሣጥን ከቤቲንግ የሚለየው የወጣቱን ታናሽ ወንድምም ማግኘቱ ነው፤ ቤቲንግ ቤት በር ላይ ልጅን የሚመልስ ሰው ሊቆም ይችላል፣ ልጁ በእጁ በያዘው ስልክ በር ላይ ግን ማንም አይቆምም። እ.ኤ.አ. በ2018 በ7,422 ተጫዋቾች ላይ ተሠርቶ የታተመ ጥናት፣ ለእነዚህ ሣጥኖች ብዙ የሚከፍሉት ሰዎች በቁማር ችግርም የበረቱ ሆነው እንደተገኙ አሳይቷል። የትኛው የትኛውን እንደሚያመጣ ጥናቱ አይወስንም፤ ሣጥኑ ቁማርተኛ ቢያደርግም፣ ቁማርተኛውን እየለየ ቢያልበውም፣ ለሻጩ ምስጋና የሚሆን ነገር አላገኝበትም።

በመጨረሻ ካህናት ሊጠየቁት የሚችሉት፣ ከንድፈ ሐሳብ ወደ እጅ የሚወርድ ጥያቄ አለ። ቢላዋ የወጣለትና የሸጠው ወጣት ከገንዘቡ ዐሥራት ቢያወጣ፣ ስለት ብሎ ለቤተ ማርያም ጥላ ወይም ምንጣፍ ቢያስገባ፣ መቀበል ይገባል? በኦሪት ዘዳግም በርኩሰት የተገኘ ዋጋ ለስለት ወደ እግዚአብሔር ቤት እንዳይገባ ተከልክሏል፤ ይሁዳ የመለሰውን ሠላሳ ብርም ካህናቱ ወደ መባ ሣጥን መጨመር አልተፈቀደም ብለው የእንግዶች መቃብር ቦታ ገዙበት። ወጣቱ ይሁዳ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ምን እንዳደረገም አያውቅም። ነገር ግን ገንዘቡ ሣጥን ከፍተው ካልደረሳቸው፣ ስማቸውን ከማያውቃቸው፣ ምናልባትም ከእርሱ ካነሱ ልጆች ኪስ የተሰበሰበ ነው። ዘኬዎስ የወሰደባቸውን ሰዎች ያውቅ ስለነበር አራት እጥፍ ልመልስ አለ፤ ይህ ልጅ ግን የሚመልስለትን ሰው አያገኝም። ስለዚህ የንስሐ አባቱ ገንዘቡን በስለት ስም ወደ መቅደስ ከማስገባት ይልቅ ለተቸገረ እንዲሰጠው ቢያዙት፣ ስጦታውንም እንደ በጎ ሥራ ሳይሆን እንደ ዕዳ ክፍያ እንዲቆጥረው ቢነግሩት፣ ከእንግዲህም ሣጥን ከመክፈት እንዲታቀብ ቢያደርጉት ትክክል ይመስለኛል።